ማስነቀል ወይስ የሥር ሕክምና፦ ለመንጋጋ ጥርስ የትኛው ይረክሳል?

ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ወደ እኔ የሚመጡ የሥራ ባልደረቦቼና ጎረቤቶቼ ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ላስነቅለው ወይስ ሩት ካናል ላሠራው?» የሚጠይቁኝ የጥርስ ሐኪም ስለሆንኩ ሳይሆን፣ እዚሁ ጅማ በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለቱንም በገንዘቤ ስለሞከርኩና አንዱን ደግሞ ክፉኛ ተታልዬ ስለገዛሁት ነው። መልሴን ከወዲሁ ልናገር፤ የታመመው መንጋጋ ጥርስ ሥሩ ካልተሰነጠቀና ክፉኛ ካልተነቃነቀ የሥር ሕክምናውን (ሩት ካናሉን) ከነክራውኑ፣ ማለትም ጥርሱን ከላይ ከሚሸፍነው ቆብ ጋር፣ ማሠራት ይሻላል። ክራውን ያልተደረገለትን የመንጋጋ ሥር ሕክምና ግን ከነቀላውም በታች አስቀምጠዋለሁ።

የመጀመሪያውን፣ የግራ ታችኛውን መንጋጋ ያስነቀልኩት በ300 ብር ነበር። ከጅማው መርካቶ ወደ ቤቴ በባጃጅ ስመለስ ጥጡን ነክሼ ያተረፍኩትን ገንዘብ በልቤ አሰላ ነበር። ስሌቱ የተበላሸው ቀስ በቀስ ነው፤ ከክፍተቱ በስተኋላ ያለው ጥርስ ወደ ፊት መዝመም ጀመረ፣ ከላይ ያለውም የሚገጥመው ሲያጣ ወደ ታች ወረደ፣ በመካከላቸው ምግብ እየተሰነቀረ ድዴ ያብጥ ጀመር። ክፍተቱን ለመድፈን በ1,800 ብር ተነቃይ የፕላስቲክ ጥርስ አሠራሁ። በአሥር ወሩ ተሰበረና ለማስጠገኛ 400 ብር ከፈልኩ፤ ዳግም ሲሰበር ቤቴ ውስጥ በማጣበቂያ ላስተካክለው ሞክሬ፣ አልገጥም ብሎ ድዴን ካቆሰለው በኋላ በ2,600 ብር አዲስ አሠራሁ። ይህ ሁሉ ተደምሮ 5,100 ብር ነው፤ የተገዛው ጥርስ ደግሞ ሥጋ ማኘክ ስለማይችል ዛሬ የሚኖረው መሳቢያ ውስጥ ነው።

ከነቀላ በኋላ እንደ ራስ ጥርስ የሚያኝክ ነገር የሚፈልግ ሰው ቀሪ ምርጫው ኢምፕላንት (አጥንቱ ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) ወይም ብሪጅ (ከጎን ጥርሶች ጋር የሚያያዝ ሰው ሠራሽ ጥርስ) ነው። የኢምፕላንቱን ዋጋ ጠይቄ ዝም ብዬ ወጣሁ። ብሪጅ ደግሞ የሚተመነው በጥርስ ቁጥር በመሆኑ፣ ለአንድ ክፍተት በግራና በቀኝ ያሉት ጤነኛ ጥርሶች ተሞርደው የሦስት ክራውን ዋጋ ይታሰባል። ያኔ አንዱ በ7,000 ብር ሒሳብ 21,000 ብር ይሆን ነበር ማለት ነው። የ300 ብሩ ነቀላ ትክክለኛ ዋጋ ይህ እንደሆነ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ የነገረኝ አልነበረም።

የሥር ሕክምና ጥርሱ ውስጥ ያለው ነርቭና የደም ሥር ሲመረዝ ወይም ሲሞት፣ በሥሩ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ቦዮች አጽድቶ መሙላት ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ነክቶት ወዲያው የሚተው ሕመም ብዙ ጊዜ በሙሌት ብቻ ይድናል። ትኩስ ቡና ፉት ካሉ በኋላ ለደቂቃዎች የሚጠዘጥዝ፣ ሌሊት ጋደም ሲሉ የሚብስ ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ ነርቩ እንዳበቃለት ይናገራል፤ ቡና በቀን ሦስት ጊዜ በሚጠጣበት ከተማ ምልክቱን ሳያውቁ መቅረት ያስቸግራል። አሞክሳሲሊን ከመድኃኒት ቤት እየገዙ መክረም የማያዋጣው በሞተው ነርቭ ውስጥ ደም ስለማይዘዋወር መድኃኒቱ ምንጩ ዘንድ ስለማይደርስ ነው። ከአገጭ ሥር ያበጠ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ የከበደው ሰው ግን ይህን ንጽጽር ትቶ በፍጥነት ሆስፒታል ይሂድ።

ሁለተኛው ጥርሴ፣ የቀኝ ታችኛው መንጋጋ፣ ሲታመም ነቀላን እምቢ ብዬ በ2,500 ብር «ሩት ካናል» ገዛሁ። ራጅ አልተነሣልኝም፤ በሃያ ደቂቃ ተቦርቡሮ ተሞልቶ አለቀ። በአምስተኛው ወር ሕመሙ ተመለሰና ሌላ ዘንድ ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሟ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንሥታ አሳየችኝ፤ የታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ በአብዛኛው ሁለት ሥርና ሦስት ቦይ፣ አንዳንዴም አራት ቦይ አለው፤ የእኔ ሁለቱ ቦዮች እስከ ግማሽ ነጭ መስመር ይታይባቸዋል፣ ሦስተኛው ፈጽሞ አልተነካም፣ በሥሩ ጫፍም ጥቁር ጥላ አለ። ከላይ ሲታይ ከደህና ሥራ ምንም የማይለይ በመሆኑ፣ አስመስሎ የተሠራ ሩት ካናል የሚታወቀው በራጅ ብቻ ነው። «ዶክተር፣ ጥርሱ ይተርፋል?» አልኳት። «ይተርፋል፤ ግን የሌላ ሰው ሥራ ማፍረስ ከአዲስ ይበልጣል» አለችኝ። ለአዲስ 4,500 ብር የምታስከፍለውን ለእኔ 5,500 ብር አለች።

ሥራው ሦስት ቀጠሮ ፈጀ። ጥርሱ ብቻ ብቅ የሚልበት አረንጓዴ ስስ ላስቲክ አፌ ላይ ወጠረች፤ ይህ ላስቲክ ከ1864 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ ሆኖ ሳለ፣ ሩት ካናሉን መጀመሪያ በገዛሁበት ቦታ አልነበረም። ጥቅሙ ምራቅና በውስጡ ያሉት ተሕዋስያን ወደ ተከፈተው ቦይ እንዳይገቡ፣ ቦዩ የሚጸዳበት መርፌና ፈሳሽም ወደ ጉሮሮ እንዳይወርዱ ማድረግ ነው። ከዚያ ጫፋቸው ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ የሚጀምሩ መርፌዎች ተራ በተራ ገቡ፣ በመካከልም በረኪና የሚሸት ፈሳሽ ተረጨ፤ ሽታው እውነት ነው፣ ንጥረ ነገሩ ልብስ ከምናነጣበት በረኪና ጋር አንድ ነው። ማደንዘዣው ስለያዘ የተሰማኝ ሕመም ሳይሆን አፍ ከፍቶ የመቆየት ድካም ብቻ ነበር። በመጨረሻ ቦዮቹ ጉታ ፐርካ በሚባል ከዛፍ ሙጫ በሚሠራ ላስቲክ መሰል ነገር ተሞሉ፤ ሦስቱም ነጭ መስመሮች እስከ ሥሩ ጫፍ መድረሳቸውን በራጅ አየሁ።

ከመክፈልዎ በፊት «ራጁን ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ያሳዩኛል? ስንት ቦይ አገኙ?» ብለው ይጠይቁ። በጥያቄው የሚቆጣ ሰው ዘንድ አይክፈሉ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪሞችን የሚያሠለጥን በመሆኑ ለመንጋጋ ሲባል 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መመላለስ ለእኔ አልታየኝም፤ ለሦስት ቀጠሮ የሚወጣው መሳፈሪያና ማደሪያ ብቻውን የክራውኑን ግማሽ ይበላል። የተገደለ ጥርስ አፍ ውስጥ ከቆየ ሌላ በሽታ ያመጣል የሚለውም ከመቶ ዓመት በፊት ተወርቶ የተጣለ ሐሳብ ነው።

ክራውኑ 7,000 ብር ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚሸሸውም እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ ስለጠፋ ጥርሱ የዳነ ይመስላል፤ ነገር ግን በመበስበሱና በመቦርቦሩ ብዙ አካሉን ያጣ መንጋጋ የማኘክን ኃይል አይችልም። ቢሮ ውስጥ ከጎኔ የሚቀመጠው ባልደረባዬ «ቡና ሲሸጥ አሠራዋለሁ» ብሎ አቆይቶት፣ አንድ ከሰዓት ቆሎ እየቆረጠመ ሳለ ሁላችንም የሰማነው ቀጭ የሚል ድምፅ ወጣ። ጥርሱ እስከ ሥሩ ለሁለት ተሰንጥቆ ስለነበር የቀረለት ነቀላ ብቻ ሆነ፤ ለሥር ሕክምናው የከፈለው 4,500 ብርም አብሮ ተነቀለ። የፊት ጥርስ ግን ባብዛኛው አንድ ሥርና አንድ ቦይ ብቻ ስላለው ዋጋው ያንሳል፣ ብዙ ካልተጎዳም በሙሌት ብቻ ሊኖር ይችላል።

የእኔ ወጪ 2,500፣ 5,500 እና 7,000 ተደምሮ 15,000 ብር ሆኗል፤ ከመጀመሪያው በትክክል ባሠራው ኖሮ 11,500 ብር ይበቃኝ ነበር። ለክራውኑ የመረጥኩት ከውስጥ ብረት፣ ከላይ ፖርሴሊን የሆነውን ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነው ዚርኮኒያ ዋጋው ስላስደነገጠኝ ተውኩት። በድዱ ጠርዝ በኩል ቀጭን ጥቁር መስመር ይታይበታል፤ እስካሁን ያየው ሰው ግን መስታወት ይዤ አፌን ስከፍት ያገኘችኝ ልጄ ብቻ ናት።