ኮንፎካል ፕሮብ ወይስ ባለሁለት ፎቶን? ተንቀሳቃሽ የሌዘር ማይክሮስኮፕ ለሚገዙ

ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ፤ የምታዩት ሕብረ ሕዋስ ታካሚው ሰውነት ውስጥ ያለ ነው ወይስ ተቆርጦ ጠረጴዛ ላይ የመጣ? ጥቁር አንበሳ አካባቢ ያለ የኢንዶስኮፒ ክፍልና ጎረቤቱ የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ አንድ ዓይነት መሣሪያ አይገዙም።

ለኢንዶስኮፒው የሚሆነው ባለ 488 ናኖሜትር (ሰማያዊ) ሌዘር ኮንፎካል ነው፤ ኮንፎካል ማለት ከአንድ ስስ ንብርብር የሚመጣውን ብርሃን ብቻ የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ ነው። ፕሮቡ፣ ማለትም ሰውነት ውስጥ የሚገባው ገመድ፣ እስከ 30,000 ቀጫጭን ፋይበሮች የታሰሩበት ጥቅል ሲሆን በኢንዶስኮፑ ቀዳዳ ያልፋል። የሚያየው ላይ ላዩን ነው፤ 60 ማይክሮሜትር ገደማ። ያለ ቀለምም አይሠራም፦ 10 በመቶ ፍሎረሲን (የሚያበራ ቀለም) ከ2.5 እስከ 5 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ይሰጣል፣ ምስሉ ጥርት የሚለው በመጀመሪያዎቹ 8 ደቂቃዎች አካባቢ ነው። ቆዳና ሽንት ለጊዜው ቢጫ ስለሚሆን ታካሚው አስቀድሞ ይነገረው፤ ከባድ አለርጂ አልፎ አልፎ ስለሚያጋጥም አድሬናሊን አጠገብ ይኑር። ፍሎረሲን ኒውክሊየስን አያቀልምም፤ ስለዚህ ባዮፕሲን ይተካልናል ብላችሁ አትግዙ።

ገንዘብ የሚበላው ፕሮቡ ነው። እንደ ሞዴሉ ከ10 እስከ 20 ምርመራ በኋላ ይለወጣል። ምስሉ ላይ ከቦታቸው የማይነቃነቁ ጥቁር ነጥቦች ካያችሁ ፋይበር ተሰብሯል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ መንስኤው አጥብቆ ማጠፍ ነው።

ለላቦራቶሪው ባለሁለት ፎቶኑን፣ ማለትም ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች (ፎቶኖች) በአንድ ላይ የሚፈጥሩትን ብርሃን የሚያነበውን እንመርጣለን። የፋይበር ሌዘሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ትሮሊ ላይ ይቀመጣል፤ የቀድሞዎቹ የቲታኒየም ሳፋየር ሌዘሮች ግን የውኃ ማቀዝቀዣና ከባድ ጠረጴዛ ይፈልጋሉ። ኮላጅንን (የሕብረ ሕዋስ ደጋፊ ፕሮቲን) ያለ ቀለም ያሳያል፣ በብዙ መቶ ማይክሮሜትር ጥልቀትም ይዘልቃል። ድክመቱ የሌዘሩ ምት ነው፣ ማለትም እጅግ አጭሩ የብርሃን ብልጭታ፦ 100 ፌምቶሰከንድ (ፌምቶሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ ነው) የሆነው ምት በተራ የመስታወት ፋይበር ሲያልፍ ይለጠጣል፤ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ሲግናሉ በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ፋይበሩ ውስጡ ክፍት መሆኑን ወይም መለጠጡን የሚመልስ ማካካሻ እንዳለው ጠይቁ። ጨረሩ ለዓይን አይታይም፤ ለሞገድ ርዝመቱ የተሠራ መነጽር ግዴታ ነው።

ሁለቱንም የሚመለከት ጉዳይ አለ። ብዙ መሣሪያ የሚፈተነው ለ2,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ ማራገቢያው በደንብ አያቀዘቅዝም፤ አምራቹ የከፍታ ማረጋገጫ በጽሑፍ ይስጥ። መብራት ሲቆራረጥ ሌዘሩ እንዳይጎዳ ኦንላይን ዩፒኤስ (ሳይቋረጥ ኃይል የሚሰጥ የባትሪ መጠባበቂያ) ያዙ። የግንባታ አቧራ የፋይበሩ ማያያዣ ላይ ካረፈ ሌዘሩ ያቃጥለዋል፣ ጫፉም ይበላሻል፤ ከመሰካታችሁ በፊት ሁልጊዜ ጥረጉ።

ከመፈረማችሁ በፊት ዕቃውን አስነሥታችሁ ፈትኑ። ለኮንፎካሉ ቢጫ ሃይላይተር የተቀባ የሌንስ ወረቀት በቂ ነው፤ የወረቀቱ ጭረቶች ጥርት ብለው መታየት አለባቸው። ለባለሁለት ፎቶኑ ከሥጋ ቤት ትኩስ የበሬ ጅማት አምጡ፤ ኮላጅኑ ያለ ቀለም ካልበራ ምቱ ተለጥጧል ወይም ማጣሪያው የሌዘሩን ግማሽ የሞገድ ርዝመት አያሳልፍም፤ ለ1,030 ናኖሜትር 515 ነው።