ለኬፍ ኤልኤስ50 ሜታ የትኛው አምፕሊፋየር? ማራንትዝ ፒኤም6007 ወይስ ካምብሪጅ ሲኤክስኤ81

የኬፍ ኤልኤስ50 ሜታ ስፒከር ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ በመሆኑ ብዙ ሰው ማንኛውም አነስተኛ አምፕሊፋየር የሚበቃው ይመስለዋል፤ እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። ስፒከሩ አንድ ዋት ያህል ኃይል ሲሰጠው በአንድ ሜትር ርቀት ላይ የሚያወጣው ድምፅ 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ ይህም ለቤት ከሚሠሩ ስፒከሮች መካከል ዝቅተኛ ከሚባሉት ወገን ያስመድበዋል። ከዚህም በላይ ኢምፔዳንሱ (ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ተቃውሞ) በመግለጫው ላይ 8 ኦም ይባል እንጂ በአንዳንድ የድምፅ እርከኖች እስከ 3.5 ኦም ስለሚወርድ፣ አምፕሊፋየሩ በዚያ ቅጽበት ከእጥፍ በላይ ከረንት እንዲያቀርብ ይገደዳል።

ሁለቱን አምፕሊፋየሮች ያዳመጥኋቸው አያት አካባቢ በሚገኝ ቪላ ውስጥ፣ ከመመገቢያው ክፍል ጋር በተያያዘ፣ ወለሉ ሴራሚክ በሆነና ሰፋፊ መስኮቶች ባሉት ሳሎን ነው። በከተማዋ ዳርቻ ከሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ሳሎን አላቸው፤ አድማጩም ከስፒከሩ ሦስት ሜትርና ከዚያ በላይ ርቆ ይቀመጣል። ማራንትዝ ለ8 ኦም 45 ዋት፣ ለ4 ኦም 60 ዋት ይሰጣል፤ ካምብሪጅ ደግሞ 80 እና 120 ዋት ይሰጣል። ኃይል እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ፣ ካምብሪጁ ጎላ ብሎ ይጮኻል ብሎ የሚገዛ ሰው ቅር ይለዋል። እኔ ይበልጥ የማየው ኢምፔዳንሱ ሲወርድ የሚጨምረውን ኃይል ነው፦ ማራንትዙ በአንድ ሦስተኛ ሲጨምር ካምብሪጁ በግማሽ ይጨምራል።

ይህ ልዩነት በጆሮ የሚታወቀው በበገና ነው። የበገና ድምፅ ከታች ከባድ ሆኖ ከላዩ ደግሞ ከአውታሩ ሥር የሚገባው ቀጭን ቆዳ የሚፈጥረው ንዝረት አለበት፤ ሁለቱም በማራንትዝ ይሰማሉ፣ ንዝረቱም እንዲያውም ለስለስ ብሎ ደስ ይላል። ድምፁ ከፍ ሲደረግ ግን በካምብሪጅ የታችኛው አውታር የት እንደጀመረና የት እንዳበቃ ለይቶ መስማት ይቻላል። ከበሮና የነሐስ መሣሪያዎች በአንድነት በሚገቡበት የባንድ ሙዚቃም ያው ነው። በዝቅተኛ ድምፅ፣ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ለሚያዳምጥ ሰው ግን ልዩነቱ ተጨማሪውን ወጪ የሚያስወጣ አይመስለኝም፤ በጠባብ የኮንዶሚኒየም ሳሎንም ማራንትዙ ይበቃል።

የሸክላ ባለቤቶች ሌላም ምክንያት አላቸው። ማራንትዝ ለሸክላ ማጫወቻ የሚሆን መግቢያ አለው፤ ካምብሪጅ የለውምና በ1960ዎቹ የታተሙትን ባለ 45 ዙር ሸክላዎች በእርሱ ለማጫወት የሚፈልግ ሰው የፎኖ ማጉያ (ከሸክላ ማጫወቻው የሚመጣውን ደካማ ሲግናል የሚያጎላ መሣሪያ) ለብቻው መግዛት ይኖርበታል። በአንጻሩ ከስልክ በብሉቱዝ መጫወት የሚቻለው በካምብሪጅ ብቻ ነው። እኔ ለሰፊው ሳሎን ካምብሪጁን እመርጣለሁ።

የትኛውም ቢመረጥ ስለ አቀማመጡ ሊታሰብበት ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ በመሆኗ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ሳስቶ የሚያልፍ አየርም ሙቀትን በሚገባ አይወስድም። ስለዚህ አምፕሊፋየሩን ዝግ ቡፌ ውስጥ ማስገባት፣ ዲኮደር መደረብ ወይም ዳንቴል ማልበስ (በብዙ ቤት የሚታይ ነው) ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

የኤሌክትሪኩ ኃይል ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ስታብላይዘር ያስፈልጋል፤ አቅሙም ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ከተጻፈው ፍጆታ በሰፊው መብለጥ አለበት፣ አለበለዚያ ሙዚቃው ከረንት በሚጠይቅበት ቅጽበት ያንቀዋል። ቮልቴጁን ባስተካከለ ቁጥር ቀጭ የሚለው ዓይነት ከሆነ ከመቀመጫው ራቅ ተደርጎ ይቀመጥ። ከአሜሪካ በዘመድ የሚመጣ ዕቃ ደግሞ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ በ220 ቮልት ሶኬት ከመሰካቱ በፊት ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ይነበብ።