«ዶክተር ሁ»፦ የ20ኛው ዓመት ወይስ የ50ኛው?

የእንግሊዙ ሳይንስ ልብወለድ ድራማ «ዶክተር ሁ» በ1983 20ኛ፣ በ2013 ደግሞ 50ኛ ዓመቱን (እ.ኤ.አ.) በልዩ ዝግጅት አክብሯል። ዋናው ገጸ ባሕርይ «ዶክተሩ» አካሉን እየቀየረ ስለሚኖር፣ በየጊዜው ሌላ ተዋናይ ይጫወተዋል። በሁለቱም ዝግጅቶች የቀድሞዎቹ ዶክተሮች ይገናኛሉ። እኔ የ2013ቱን አስበልጣለሁ።

የ1983ቱን እወደዋለሁ፤ ጉድለቱ ግን ይታያል። የመጀመሪያው ዶክተር ዊልያም ሃርትኔል በ1975 ስላረፈ ሪቻርድ ኸርንዶል ተክቶት ሠራ። አራተኛው ዶክተር ቶም ቤከር ደግሞ አልመጣም። ቀረጻው ሳያልቅ ከቀረ የድሮ ክፍል ምስሉን ቆርጠው አስገቡ። ታሪኩም ሁሉንም ለማገናኘት ሲሮጥ ያልቃል። ናፍቆት ላለበት ሰው ይበቃል፤ አዲስ ተመልካች ግን ግራ ይገባዋል።

በ2013ም የቀረ ሰው ነበር፤ ዘጠነኛው ዶክተር ክሪስቶፈር ኤክልስተን። እዚህ ግን ክፍተቱ ራሱ ታሪክ ወለደ። ጆን ኸርት ሌሎቹ ሊያስታውሱት የማይፈልጉትን፣ ጦርነት ያደከመውን ዶክተር ሆኖ መጣ። አሥረኛውና አሥራ አንደኛው ዶክተሮች፣ ዴቪድ ቴናንትና ማት ስሚዝ፣ አጠገቡ ቆመው፣ የገዛ ፕላኔታቸውን የማጥፋቱን ውሳኔ እንደገና ይመዝናሉ። የተገናኙበት ምክንያት አላቸው ማለት ነው። ያቺን ትዕይንት ስንቴ እንዳየኋት!

መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ብቅ ይላል። ቶም ቤከር ነው። በ1983 የቀረው ሰው ከ30 ዓመት በኋላ መጣ።