ወላጅ ለታመመበት ሰው የትኛው መጽሐፍ ይገዛ? ከሦስቱ አንዱ

«እናቴ ካንሰር ተገኘባት፣ ምን ላንብብ?» ዘንድሮ ብቻ አራት ጓደኞቼ ይህንኑ ጠይቀውኛል። የሚያማርጡትም ሁሌ እነዚያኑ ሦስት የእንግሊዝኛ መጽሐፎች ነው። ሦስቱንም የጻፏቸው ሐኪሞች ናቸው፤ የወጡትም እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2016 ነው። እኔ ሁሉንም ገዝቻለሁ፤ ሁለቱንማ ሁለት ሁለት ጊዜ።

መልሴን ቶሎ ልንገራችሁ። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ የአቱል ጋዋንዴን «ቢይንግ ሞርታል» ግዙ።

የሲድሃርታ ሙከርጂ «ዚ ኤምፐረር ኦፍ ኦል ማላዲስ» የካንሰርን ታሪክ ከጥንት ጀምሮ ይተርካል። በ2011 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ ኦሪጅናሉ ውድ ነው። እኔም ብር ላተርፍ ብዬ ኮፒውን ከአዟሪ በ600 ብር ገዛሁ። ገና ግማሹን ሳላነብ ሙጫው ለቀቀና ቅጠሎቹ አንድ በአንድ እጄ ላይ ቀሩ። ጠራዥ 200 ብር ተቀብሎ ሰፋልኝ። ሲሰፋው ግን የመስመሮቹ መጀመሪያ ስፌቱ ውስጥ ገባ። ፎቶዎቹም ጥቁር እድፍ ናቸው፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ወጪዬ 800 ደረሰ። በኋላ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያገለገለ ኦሪጅናል በ850 አገኘሁ። በ50 ብር ልዩነት ያን ሁሉ ተንገላታሁ!

መጽሐፉ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። ሲድኒ ፋርበር በ1947 ቦስተን ውስጥ የደም ካንሰር የያዛቸውን ሕፃናት በመድኃኒት ማከም ሲጀምር፣ ሕፃናቱ ተሽሏቸው በሽታው ተመልሶ ሲመጣ፣ አብራችሁ ተስፋ አድርጋችሁ አብራችሁ ታዝናላችሁ። የሕክምና ተማሪ ከሆናችሁ ይህን ሳታነቡ እንዳትቀሩ። የእናቱን የምርመራ ውጤት ይዞ ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ግን በዝቶ ይከብዳል።

የፖል ካላኒቲ «ዌን ብሬዝ ቢካምስ ኤይር» አጭር ነው፤ በሁለት ቀን ያልቃል። ጸሐፊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። በ2015 በሳንባ ካንሰር በ37 ዓመቱ አረፈ፣ መጽሐፉ በዓመቱ ወጣ። መቅድሙን የጻፈው አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው ሐኪም አብርሃም ቨርጊስ ነው። የመጨረሻውን ክፍል የጻፈችው ደግሞ ባለቤቱ ሉሲ ናት፤ እንዴት እንዳረፈ የምትነግረን እሷ ናት። እኔ በ350 ብር የገዛሁት ኮፒ ላይ ይህ የመጨረሻ ክፍል የለም! መጽሐፉ እዚያ ላይ የሚያልቅ መስሎኝ ለወራት ኖሬያለሁ። ስለዚህ ስትገዙ መጀመሪያ መጨረሻውን ግለጡ፤ የሉሲ ጽሑፍ ከሌለ በነፃም አትውሰዱት። እንግሊዝኛው ሥነ ጽሑፍ ይበዛዋል፣ አንዳንዱን አንቀጽ ሁለቴ ማንበብ ያስፈልጋል። ሐዘኑ ገና ትኩስ ለሆነ ሰው ባልሰጥ ይሻለኛል።

«ቢይንግ ሞርታል» በ2014 ነው የወጣው። ያገለገለ ኦሪጅናል በ700 ብር ገዛሁት። ሦስት ሰው ተውሶት አንድ ቅጠል አልወደቀም። ጋዋንዴ ቀዶ ሐኪም ነው፤ አባቱም ቀዶ ሐኪም ነበሩ፤ የጀርባ አጥንታቸው ውስጥ እጢ በቀለባቸው። ልጃቸው ሐኪም ሆኖ ሳለ ምን ብሎ እንደሚያወራቸው ጨነቀው። መጽሐፉም የሚያወራው ስለዚሁ ንግግር ነው፤ ሕክምና ሲከብድ በሽተኛውን ምን ብለን እንጠይቀው?

መጽሐፉ ውስጥ አንድ ታሪክ አለ። አንድ አባት ከባድ የአንገት ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ነው። ልጃቸው ምን ምን ማድረግ ከቻሉ በሕይወት መቆየት እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። የቸኮሌት አይስክሬም መብላትና ኳስ በቴሌቪዥን ማየት ከቻልኩ ይበቃኛል አሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደም ሲፈስስ፣ እንደገና ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ወይስ ይቅር የሚለውን ልጅቷ በደቂቃዎች ውስጥ መወሰን ነበረባት። ሐኪሙን ስለ አይስክሬሙና ስለ ኳሱ ጠየቀችው። ይችላሉ አላት፣ ቀጥሉ አለች። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ኖሩ።

እኛ ጋ በሽተኛው አይጠየቅም። አባቴ ሲታመም ሐኪሙ ውጤቱን ኮሪደር ላይ ለእኔ ነገረኝ። እኔም «ጨጓራ ነው» ብዬ ዋሸሁት። መጽሐፉን ካነበብኩ በኋላ አንድ ማታ አጠገቡ ተቀምጬ «አባዬ፣ ከሁሉ በላይ የሚያሳስብህ ምንድን ነው?» አልኩት። ቀድሞውንም አውቆታል። «ሆስፒታል አታስተኙኝ። ጠዋት ጠዋት ደጅ ፀሐይ ልሙቅ» አለኝ። እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ወንበሩን ደጅ አውጥተንለታል።

ለዚህ ነው ለአራቱም ጓደኞቼ አንድ መልስ የሰጠሁት። ኮፒው በ400 ብር ይገኛል፤ 300 ጨምሩና ያገለገለውን ኦሪጅናል ፈልጉ። እህት ወንድም ሁሉ ይቀባበለዋልና ጠንካራ ጥራዝ ያስፈልገዋል።