«ባክአፕ አድርጌልሻለሁ» ሲሏችሁ ፍላሹን እዚያው ክፈቱት

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ከመገናኛ ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም።

ባዮኢንፎርማቲክስ ነው የምማረው። የምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞች አብዛኞቹ የሚሰሩት ሊኑክስ ላይ ነው፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሌላ ሲስተም። ዊንዶውሴን ሳልነካ ከጎኑ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ልጭን ሞከርኩ። መሃል ላይ ቆመና ኮምፒውተሩ አርኤስቲ (ዲስኩን የሚያስተዳድር የኢንቴል ዘዴ) ስለሚጠቀም መጀመሪያ እሱ ይጥፋ አለኝ። ፈራሁ። ባለሙያ ይሻላል ብዬ ሄድኩ። ባለሙያ!

ሱቆቹን ታውቋቸዋላችሁ። አንዷን ክፍል ለአራት የተካፈሏት፣ መስታወቱ ላይ «ፎርማት፣ ሶፍትዌር፣ ዳታ ሪከቨሪ» የተለጠፈበት። ልጁ ጨዋ ይመስላል። «ፋይልሽ አይነካም፣ ለማንኛውም ባክአፕ አደርግልሻለሁ» አለኝ። በ1,500 ብር ተስማማን።

ማኪያቶ ጠጥቼ ስመለስ ኡቡንቱ ተጭኗል። «ዊንዶውሱስ?» አልኩት። «አርኤስቲውን ስናጠፋው ሰማያዊ ስክሪን አመጣ፣ ፎርማት አደረግነው። ፋይልሽ ግን ይኸው» ብሎ ፍላሽ ሰጠኝ። ከፈልኩ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬም ወጣሁ!

የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አንድ ነገር ከነከነኝ። 180 ጊጋ ፋይል እንዴት 16 ጊጋ ፍላሽ ውስጥ ገባ? ተመለስኩ። በሱ ኮምፒውተር ሰካነው። «ዴስክቶፕ» የሚል አንድ ፎልደር አለ። ውስጡ የማውቃቸው ስሞች ናቸው፦ ምዕራፍ ሦስት፣ የላብ ፎቶዎች፣ የአማካሪዬ እርማት። ልቤ መለስ አለ። አንዱን ነካሁት፣ አይከፈትም። ሌላውን፣ አይከፈትም። ሁሉም ጥግ ላይ ትንሽዬ ቀስት አለባቸው። መጠናቸው አንድ ኪሎባይት፣ ሁለት ኪሎባይት። ሾርትከት! ሾርትከት ወደ ፋይሉ የሚያደርስ ምልክት ብቻ ነው፤ ፋይሎቹ ራሳቸው ያሉት ዲ የሚባለው የዲስኩ ክፍል ላይ ነበር። ልጁ የቤቱን አድራሻ ገልብጦ ቤቱን አፍርሶታል።

ቀና ብዬ አየሁት። ስልኩን እየነካካ «እህቴ፣ ዴስክቶፕ ላይ ያለውን በሙሉ ገልብጠናል። ሌላ ቦታ ካለሽ መናገር ነበረብሽ» አለ። አጠገቡ ያለው ሳቀ። ያ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ በጣቱ ግድግዳው ላይ ያለችውን ወረቀት አሳየኝ፦ «ለጠፋ ዳታ ኃላፊነት አንወስድም»።

ቤት ገብቼ በስልኬ ሳነብ የባሰው መጣ። ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ሳይነሳ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) የቀየረውን መልሶ ወደነበረበት ቢያደርገው ዊንዶውሱ ይነሳ ነበር። ዊንዶውሱን አስቀድሞ በሴፍ ሞድ (መሠረታዊ ነገሮችን ብቻ ይዞ) እንዲነሳ አዞት ቢሆን ደግሞ ሰማያዊውንም ባላየነው። እሱ ግን ፈጣኑን መረጠ፤ ዲስኩን በሙሉ አጥፍቶ መጫን።

እኔስ ብትሉ፣ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አለኝ። ቁምሳጥን ውስጥ፣ ከነካርቶኑ።

እናንተ ገልብጣችሁ ሂዱ፤ የሰጧችሁንም ሳትከፍሉ ከፍታችሁ እዩ። ፋይል ከጠፋባችሁ ደግሞ ላፕቶፑን ቶሎ አጥፉት፣ በርቶ በቆየ ቁጥር ፋይሉን መልሶ የማግኘት ዕድሉ ይቀንሳል።

ከመውጣቴ በፊት ሪከቨሪ ስንት ነው ብዬ ጠይቄ ነበር። «8,000 ብር፣ ግን ዋስትና የለውም» አለኝ፣ ያው ልጅ።