ለፏፏቴ ፎቶ የትኛው ፊልተር ይሻላል? የደሴ ጉም እና የኮምቦልቻ ፀሐይ

ውሃው እንደ ነጠላ ለስልሶ እንዲወጣ ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ) ግማሽ ሰከንድ ያህል ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት። ቀን ላይ ደግሞ ብርሃኑ ስለሚበዛ ፎቶው ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። ብርሃን የሚቀንስ ፊልተር የሚገዛው ለዚህ ነው። ችግሩ ሰው የሚገዛው የሚያነሳበትን ቦታ ሳያስብ መሆኑ ነው። ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር በጉም ውስጥ የሚያነሳና የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ የሚያነሳ ሰው አንድ ዓይነት ፊልተር አያስፈልጋቸውም።

ከቋሚው ኤንዲ እንጀምር። ሌንስ ላይ የሚጠመዘዝ ጥቁር መስታወት ነው። ኤንዲ 8 ብርሃኑን በ8 ያካፍለዋል፣ ኤንዲ 64 በ64፣ ኤንዲ 1000 በ1000 ገደማ። ጥላ ውስጥ ያለ ውሃ ላይ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት መጠን) 100 እና ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ፣ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠባል) 11 አድርጋችሁ ካሜራው ሹተሩን 1/15 ሰከንድ አድርጉ አላችሁ እንበል። በ8ቱ ግማሽ ሰከንድ ይሆናል፣ በ64ቱ 4 ሰከንድ፣ በ1000ው ከ1 ደቂቃ በላይ። ታዲያ ብዙ ሰው "ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ይሻላል" ብሎ 1000ውን ያነሳል። አንድ ደቂቃ ሙሉ ያነሳችሁት ፏፏቴ ቅርጹ ይጠፋል፣ ዙሪያው ያለው ቅጠልም በነፋሱ ይደበዝዛል። እሱ ሐይቅ ወርዶ እኩለ ቀን ላይ ሞገዱን ዝርግ ማድረግ ለሚፈልግ ነው እንጂ ለፏፏቴ አይደለም።

ቬሪያብል ኤንዲ ዓይን ይስባል። ሁለት ፖላራይዝድ መስታወቶች ተደራርበው እያዞራችሁ ጥቁረቱን ትመርጣላችሁ፤ አንድ ገዝቶ መገላገል ነው። ግን መጨረሻው ድረስ ስታዞሩት ፎቶው ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥቁር ጥላ ይወጣል፣ ሰፊ ሌንስ ላይ ደግሞ ይብሳል። ርካሹ ቀለምም ያዛባል። ለሰርግ ቪዲዮ አሪፍ ነው፣ ለፏፏቴ ግን እኔ አልገዛውም።

ካሬው ፊልተር ከነመያዣው ውድ ነው፣ ፏፏቴ አጠገብ ፍንጣቂው ሲመጣም መጥረጉ ያሰለቻል። እለፉት።

ሌንስ ላይ እያዞሩ ነጸብራቅ የሚቀንሱበትን ፊልተር፣ ፖላራይዘርን፣ ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን መጀመሪያ ግዙ የምለው እሱን ነው። እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚያብረቀርቀውን ነጭ ነጸብራቅ ያነሳዋል፣ ቅጠሉም አረንጓዴነቱ ይወጣል። ይህን በኮምፒውተር በኋላ ማስተካከል ይከብዳል። በዚያ ላይ ብርሃኑን እስከ ሩብ ድረስ ይቀንሳል። ያ 1/15 ሰከንድ ወደ ሩብ ሰከንድ ይመጣል፣ ኤፍ 16 ስታደርጉት ግማሽ ሰከንድ ሞላ ማለት ነው። ደሴ ጉም በለበሰች ቀን ኤንዲ ራሱ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ግን ፖላራይዘር ብቻውን አይበቃም። ኤፍ 11 ላይ 1/200 ሰከንድ የሚል ብርሃን ነው፤ ኤንዲ 64 ወደ ሲሶ ሰከንድ ያመጣዋል፣ ፖላራይዘሩን ስትደርቡበት ከ1 ሰከንድ ያልፋል። ሁለቱን ስትደራርቡ 18 ሚሊሜትር ላይ (ሌንሱ ሰፋ አድርጎ ሲያይ) የፎቶው ማዕዘኖች ሊጠቁሩ ይችላሉ፣ ትንሽ ዙም አድርጉ። ስለዚህ አንድ ብቻ መግዛት የሚችል የደሴ ሰው ፖላራይዘር ይግዛ፣ የኮምቦልቻ ሰው ኤንዲ 64። ክረምት ላይ የቦርከና ወንዝ ሲደፈርስ ግን የትኛውም ፊልተር ቡናማውን ውሃ ነጭ አያደርገውም፣ መስከረም አልፎ እስኪጠራ ጠብቁ።

ከመግዛታችሁ በፊት ሌንሱ ፊት ላይ ከክብ ምልክቱ አጠገብ ያለውን ቁጥር እዩ። የፊልተሩ ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ አብዛኛው የካኖን 18-55 ላይ 58 ነው። ሌላ ትልቅ ሌንስ የመግዛት ሐሳብ ካላችሁ ፊልተሩን በ77 ግዙና ለትንሹ ሌንስ ስቴፕ አፕ ሪንግ (ትልቁን ፊልተር ትንሹ ሌንስ ላይ የሚያገጥም ቀለበት) ጨምሩበት፤ ቀለበቱ ከፊልተሩ በጣም ይረክሳል። ሱቁ ውስጥ ደግሞ ነጭ ወረቀት በፊልተሩና ያለ ፊልተሩ አንሱ፣ ዋይት ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ማስተካከያ) ከአውቶ አውጥታችሁ። ወረቀቱ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሐምራዊ ካደላ መልሱለት። ትራይፖድ ከሌላችሁ ደግሞ ብሩን መጀመሪያ እዚያ ላይ አውሉት።