«ለስርጭት 40 በመቶ» የምትለዋን መስመር ሳትጠይቁ እንዳትፈርሙ

ወገኖቼ፣ መጽሐፍ ለማሳተም ገንዘብ ያዘጋጃችሁ ሁሉ ይህን ሳታነቡ ውል እንዳትፈርሙ። ነገሩ የሆነው ከትናንት በስቲያ ነው። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም።

የአሳታሚ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ሕንፃ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቷል፣ ግድግዳው ላይ የመጻሕፍት ሽፋን በትልቁ ተሰቅሏል፣ በሩ ላይ «አሳታሚ» ይላል። የራሱ የማተሚያ ማሽን የለውም። እርስዎ ብቻ ይጻፉ፣ አርትኦቱን፣ ሽፋኑን፣ ህትመቱን፣ ስርጭቱንና ምረቃውን ለእኛ ይተዉት ይላል። ፕሮፎርማ ይሰጣል፣ ግማሹን በቅድሚያ ይቀበላል፣ ከዚያ «ወረቀት ጠፋ»፣ «ማሽን ተበላሸ» እየተባለ ሁለት ወር የተባለው አምስት ወር ይሆናል። እስከዚህ ያለውን ሁላችንም ለምደነዋል።

ደራሲዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ሥራው 320 ገጽ፣ ኤ5 መጠን፣ 2,000 ኮፒ ነው። ውስጡ 80 ግራም ነጭ ወረቀት (ግራሙ የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው)፣ ሽፋኑ 250 ግራም አርት ካርድ ከማት ላሚኔሽን፣ ማለትም ከማያብረቀርቅ የፕላስቲክ ልባስ ጋር ተብሎ በውሉ ተጽፏል። ዋጋው በኮፒ 260 ብር፣ ጠቅላላ 520,000 ብር። ግማሹን ሲፈርሙ ከፍለዋል። ረቂቁን ያረምኩት እኔ ነኝ፤ ውሉንም ከመፈረማቸው በፊት እንድመለከትላቸው ሰጥተውኛል። ይህን የምናገረው ኋላ ስለምመለስበት ነው።

ከትናንት በስቲያ ተደወለና «ቀሪውን ባንክ አስገብተው፣ ስሊፑን ይዘው መጥተው ይረከቡ» ተባሉ። 260,000 ብሩን አስገብተው ስሊፑን ለቤቱ ሠራተኛ ልጅ ሰጡ። ልጅቷ ፎቶ አነሳችው፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፣ ከዚያ ወደ ምድር ቤቱ መጋዘን ወረድን። መጽሐፉ በቡኒ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ታስሮ ተደርድሯል። በአንድ ጥቅል 25 መጽሐፍ ነው። ስለዚህ 80 ጥቅል መኖር ነበረበት። ቆጠርኩ፤ 48። መምህርቷ በጣታቸው እየነኩ ራሳቸው ደግመው ቆጠሩ፤ 48። አርባ ስምንት በሃያ አምስት 1,200 ነው።

«800ው የት አለ?» አሉት ሥራ አስኪያጁን።

«ስርጭት ላይ ነው።»

«ማን ፈቅዶ?»

ውሉን ከፎልደሩ አወጣ፣ ሦስተኛውን ገጽ ገለጠ፣ ጣቱን አሳረፈበት። «ለስርጭት 40 በመቶ ለአሳታሚው ይታሰባል» ይላል። «የ2,000 ኮፒ 40 በመቶ 800 ነው። ፈርመዋል።»

«እሺ፣ ሒሳቡስ? ስንት ተሸጠ? መቼ ነው የሚከፈለኝ?»

ስልኩን እያየ፣ ቀና እንኳን ሳይል «ማዘር፣ ሒሳብ ይከፈላል የሚል ነገር ውሉ ላይ ካለ ያሳዩኝ» አላቸው።

ማዘር! ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊደል ያስቆጠሩ፣ ገንዘባቸውን በሁለት ስሊፕ የቆጠሩለት ሰው ናቸው። «መምህርት» ወይም «ወይዘሮ» ማለት ምን ያህል ከበደው? ጥቅሉን ለመጫን የቆሙት ልጆች እንኳን አንገታቸውን ደፉ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ያችን መስመር አንብቤአታለሁ። አንብቤም «ይሄ የተለመደው ነው» ብዬ አልፌአታለሁ። ለምን እንዳለፍኳት ግልጽ ላድርግ፣ ምክንያቱም ወጥመዱ የተሠራው ሙያውን እናውቃለን ለምንል ሰዎች ነው።

በእኛ ገበያ አከፋፋይ ከሽፋን ዋጋው ላይ ከመቶ 30 እስከ 40 ይቀነስለታል። እንደ መምህርቷ መጽሐፍ የሽፋን ዋጋው 500 ብር ከሆነና ቅናሹ 40 በመቶ ከሆነ አከፋፋዩ በ300 ብር ይረከባል፤ ከዚያ ውስጥ ለመደብሩና ለአዟሪው ያካፍላል። በካሽ ከወሰደ ቅናሹ ይሰፋል፣ ሸጦ የሚከፍል ከሆነ ይጠባል። ስለዚህ «ለስርጭት 40 በመቶ» የሚል ሲያይ ከዋጋው ላይ የሚነሳው የአከፋፋይ ቅናሽ ነው ብሎ የማያነብ የሙያ ሰው የለም። መስመሯ ግን «ከምኑ ላይ» የሚለውን አትናገርም። ከሽፋን ዋጋው? ከሽያጩ? ከታተመው ኮፒ? ባዶውን ቦታ ያኔ መሙላት ይገባን ነበር፤ እኛ ዝም ስንል እነሱ ሞሉት። ሦስት ቃል፣ «ከተሸጠው ሽፋን ዋጋ»፣ ብጨምርባት ኖሮ 800 መጽሐፍ ይተርፍ ነበር።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ወጪው 520,000 ብር ነው። በእጃቸው ያለው 1,200 ኮፒ አንድም ሳይቀር ለአከፋፋይ በ300 ብር ቢሸጥ 360,000 ብር ይገኛል። መጽሐፉ ተሸጦ አልቆም 160,000 ብር ይከስራሉ ማለት ነው። ተወሰደ የተባለው 800 ኮፒ ደግሞ በሽፋን ዋጋ 400,000 ብር ነው፤ የወሰደው ወገን ለወረቀቱም ለቀለሙም አምስት ሳንቲም አላወጣም።

እኔን የሚያንገበግበኝ «አሳታሚ» የሚለው ስም ነው። አሳታሚ ማለት ወጪውንም ኪሳራውንም የሚሸከም ነበር። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ረቂቁን ያስገመግማል፣ የህትመቱን ወጪ ይችላል፣ ለደራሲው ይከፍላል። ሳንሱሩ ከባድ ነበር፣ ያን ዘመን አልናፍቅም፤ ግን ደራሲ ለመታተም ቤቱን አያስይዝም ነበር። ሳንሱር በ1985 በፕሬስ አዋጁ ሲቀር ደራሲው ራሱ አሳታሚ ሆነ። ገንዘቡን ይዞ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፣ ያሳትማል፣ መጽሐፉን በሙሉ ይረከባል፣ ለአከፋፋይ ያስረክባል። አድካሚ ነው፤ ቢሆንም መጽሐፉም መብቱም የእሱ ነው። አሁን የመጣው ሦስተኛው ዓይነት ከሁለቱም የከፋውን ይወስዳል። ወጪው እንደ ሁለተኛው ከደራሲው ኪስ ይወጣል፣ መብቱና ኮፒው እንደ አንደኛው ለአሳታሚው ይሆናል። ከደራሲ ገንዘብ የሚቀበል ቤት የህትመት ደላላ ነው። ድለላ ነውር አይደለም፤ ክፍያው ግን የድለላ ክፍያ ይሁን።

በዚህ አላበቃም። አንዱን ጥቅል ፈትተን መጽሐፉን ስናይ በጎኑ በኩል፣ መደርደሪያ ላይ ሲቆም በሚታየው፣ የተጻፈው ርዕስ መሃል ላይ አልነበረም፤ ወደ ፊት ሽፋኑ ተንሸራቶ የመጨረሻዎቹ ፊደላት ጫፍ ታጥፏል። ይሄ የሽፋን ሠሪው ስህተት አይደለም። 80 ግራም ወረቀት በ320 ገጽ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ሽፋኑ የተዘጋጀው ለዚያ ነው። የታተመው መጽሐፍ በማስመሪያ ሲለካ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ወረቀቱ ተለውጧል።

ይህን እናንተም በሰፈራችሁ ሱቅ ሚዛን ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። የኤ5 አንድ ቅጠል 14.8 በ21 ሳንቲ ሜትር ነው። 320 ገጽ 160 ቅጠል ነው፤ ስፋቱ አንድ ላይ 4.97 ካሬ ሜትር ይመጣል። ይህን በወረቀቱ ግራም ማባዛት ነው። በ80 ግራም 398፣ በ70 ግራም 348፣ በ60 ግራም 298 ግራም ይሆናል። ሽፋኑ 17 ግራም ግድም ነው፣ ሙጫውና ላሚኔሽኑ ጥቂት ይጨምራሉ። ስለዚህ በውሉ መሠረት አንዱ መጽሐፍ ከ415 ግራም በላይ መመዘን ነበረበት። አትክልት ቤት ዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀመጥነው፤ 319 ግራም አለ። የታተመው በ60 ግራም ነው። በብርሃን ገልጣችሁ ብታዩትም የጀርባው ገጽ ፊደል ወደዚህኛው ይታያል።

ትርፉ የት እንዳለ ታዩ ዘንድ፦ 70 በ100 ሳንቲ ሜትር የሆነው ትልቁ ወረቀት በሁለት ፊቱ 32 የኤ5 ገጽ ይይዛል፤ ለአንድ መጽሐፍ 10 ወረቀት፣ ለ2,000 ኮፒ 20,000 ወረቀት፣ ማለትም 40 ሪም ነው (አንድ ሪም 500 ወረቀት ነው)። የ80 ግራሙ አንድ ሪም 28 ኪሎ፣ የ60 ግራሙ 21 ኪሎ ይመዝናል። በአንድ ሪም 7 ኪሎ፣ በ40 ሪም 280 ኪሎ ወረቀት ከመምህርቷ ገንዘብ ላይ ተቀነሰ፤ ብክነቱን ሳንቆጥር።

ከዚያ ደግሞ የመጽሐፉን ሁለተኛ ገጽ፣ የቅጂ መብቱ የማን እንደሆነ የሚጻፍበትን፣ ገለጥን። እኔ አርሜ በላክሁት ፋይል ላይ መብቱ በደራሲዋ ስም ነበር። ታትሞ የመጣው በቤቱ ስም ነው። ይህ በቸልታ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ፋይሉን ከፍቶ፣ ስም ደልዞ፣ ሌላ ስም የጻፈ ሰው አለ። በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 መብቱን ለሥራው አመንጪ ይሰጣል፣ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል፤ የኢኮኖሚ መብቱ ለሌላ የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። ገጽ 2 ላይ የታተመ መስመር ማስተላለፊያ ውል አይሆንም። ግን ነገ ሌላ አሳታሚ ሊደግመው ሲፈልግ፣ ወይም የፊልም ሰው ሲመጣ፣ ያችን ገጽ አይቶ የሚደውለው ለእነሱ ነው። አይኤስቢኤኑም፣ ማለትም የመጽሐፉ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር፣ በእነሱ አሳታሚነት የወጣ ነው። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ማስወጣት ደራሲው ራሱ የሚችለው ጉዳይ ነው፤ እኛ ግን «እኛ እንጨርስልዎታለን» ሲሉን ደስ ብሎን ሰጠን።

ስለ ፕሌቱም ልናገር፤ ገጾቹ ተቀርጸውበት ማተሚያ ማሽኑ ላይ የሚታሰረው ቆርቆሮ ነው። ለዚህ መጽሐፍ የውስጥ ገጾች በትልቁ ማሽን 20 ፕሌት ያስፈልጋል። የፕሌቱንና የማሽን ዝግጅቱን ወጪ የመጀመሪያው ትእዛዝ ይሸፍነዋል። ከዚያ በኋላ 500 ኮፒ መጨመር ወረቀት፣ ቀለምና ጥረዛ ብቻ ነው የሚያስወጣው። ደራሲው ገና ምረቃ ሳያደርግ መጽሐፉ አዟሪ እጅ ላይ ከሽፋን ዋጋው በታች የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። እዚህ ጋ 800 ነው የተባለው እውነት 800 መሆኑን ማን ቆጠረ? ማንም። የማተሚያ ቤቱን ማስረከቢያ ሰነድ አሳዩን ብንል «የውስጥ ጉዳይ ነው» ተባልን።

ውጭ ሀገር ያላችሁ፣ ፋይሉን በኢሜይል ልካችሁ እህት ወንድም እንዲረከብላችሁ የምታደርጉ፣ በተለይ ለእናንተ እጨነቃለሁ። ተረካቢው ዘመድ ጥቅል አይቆጥርም፤ «ደረሰ» ይላችኋል፣ ቀሪ ክፍያውን ትልካላችሁ።

ምን ይደረግ ለምትሉ፣ በአጭሩ። መጀመሪያ ጥቅሉን ቁጠሩ፣ ከተለያየ ቦታ አምስት መጽሐፍ አውጥታችሁ መዝኑ፣ ገጽ 2ን አንብቡ፣ ከዚያ ነው ቀሪው ክፍያ። «በመቶ» የሚል ቃል ባለበት ሁሉ ከምን ላይ እንደሆነ ይጻፍ፤ ሸጠን እንከፍላለን ካሉ ቀን ይቆረጥ። ትርፍ የታተመው ሁሉ ለደራሲው ይሆናል የሚል መስመር ይግባ። የማተሚያ ቤቱ ስም ውሉ ላይ ይስፈር፣ ማስረከቢያ ሰነዱን የማየት መብት ይኑራችሁ። የመጨረሻውን ፒዲኤፍ ፈርማችሁ ለራሳችሁ አስቀሩ። ለውል የሚከፈል የጠበቃ ዋጋ ከአንድ ጥቅል መጽሐፍ ዋጋ አይበልጥም ነበር፤ እኛ አልከፈልነውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 2672 ጀምሮ ስለ ማሳተም ውል የሚለው አለ፤ አሁን ጠበቃ ይዘን እሱን እያነበብን ነው።

መምህርቷ ትናንት ከሰዓት ጀምሮ ቤታቸው 48ቱን ጥቅል አንድ በአንድ እየፈቱ፣ በእያንዳንዱ መጽሐፍ ሦስተኛ ገጽ ላይ በእጃቸው እየፈረሙና ቁጥር እየሰጡ ናቸው። ማታ ስለያቸው 310 ደርሰዋል። ፊርማ የሌለበት ከ800ዎቹ ነው።